መሬት ያልነካ ዳስ

በዚያ ዘመን የቤት ኢንሹራንስ ጣሪያ ላይ የተተከለ ዓይን ነበረው። ጓሮ ውስጥ ያልተመዘገበ ምሰሶ ከቆመ ዓይኑ አይቶ ውሉን ይሰርዛል፤ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ደግሞ በገዛ ቤቱ ማደር አይፈቀድለትም። አልጣሽ ግን ልጄን ምንትዋብን ያለ ዳስ አልድርም ብላ ድርቅ አለች።

«ካልተተከለ ምሰሶ አይባልም» አለቻቸው ጎረቤቶቿን። «በእጃችን እንይዘዋለን።»

በሠርጉ ቀን አልጣሽና አሥራ ዘጠኝ ጎረቤቶቿ ሃያ ምሰሶ ከመሬት ስንዝር ከፍ አድርገው ቆሙ፤ ሸራው ከላይ ተዘረጋ። አቶ ድግፌ ምሰሷቸውን እንደያዙ ሚስታቸው ስታጎርሳቸው፣ «ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ተንከባክባኝ አታውቅም!» ብለው ሰዉን አሳቁት። ዓይኑም ዝም አለ።

ሙሽራዋ የእናቷን ጉልበት ልትስም መጣች። አልጣሽ ምሰሶዋን በሁለት እጇ እንደያዘች «ውለጂ፣ ክበጂ» ብላ መረቀቻት።

ምንትዋብ ቀና አለች። «እማዬ፣ አታቅፊኝም?»

«ብለቀውማ ዳሱ ይወድቃል፣ የኔ ዓለም» አለችና ጥቂት አሰበች። «ነይ እስቲ፣ ያዢልኝ።»

ሙሽራዋ በነጭ ጓንቷ ምሰሶውን ጨብጣ ቆመች። አልጣሽም ከኋላዋ ዞራ እስክትጠግብ አቀፈቻት።