ቧንቧው የሚጠራው ስም

በዚያ ዘመን ማንኛውም የቤት ዕቃ ሲከፈት የሠራውን ሰው ስም እንዲጠራ ሕግ ያዝዝ ነበር። እነ ይትባረክ ቤት ቧንቧው ውሃ ከማውረዱ በፊት «የይትባረክ አምዴ ሥራ ነው» ይላል፤ እናቱም ፊታቸውን በታጠቡ ቁጥር «እጅህ ይባረክ!» እያሉ ይመርቁታል።

እሑድ ዕለት የድሮ የሥራ ባልደረባው ትርሲት ከሕመም ያገገሙትን እናቱን ልትጠይቅ መጣች። ይትባረክ ገና ድምጿን ሲሰማ ዞሮ ቧንቧውን አየ። ቧንቧዎችን ከከተማው የውሃ መረጃ ቋት ጋር አገናኝቶ የሚያሠራውን የኮምፒውተር ኮድ የጻፈችው እሷ ነበረች። ለሁሉም በነፃ ስትሰጠው የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ስሜን አትፋቁት።» እሱ ግን ፍቆ የራሱን ተካበትና ለከተማው አስረከበ።

ምሳ ቀረበ። «እጅሽን ታጠቢ፣ ልጄ» አሏት እናቱ።

ይትባረክ ዘሎ ተነሣ። «እኔ በጆግ ላስታጥባት!»

«ቧንቧ እያለ?» ብለው ሳቁና ራሳቸው ከፈቱላት።

«የይትባረክ አምዴ ሥራ ነው» አለ ቧንቧው።

«ሰማሽ? የልጄ ሥራ እኮ ነው!»

ይትባረክ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ትርሲት ቀስ ብላ ታጠበች፤ ፎጣውንም ቀና ብላ ሳታየው ከእጁ ተቀበለች።

«አውቃለሁ፣ እማማ» አለች። «እኔም ቤት የሚጠራው እሱን ነው።»