የማለዳ ክንፍ ታሪክ

«እማዬ፣ ግን የአውሮፕላን ምኑ ነው የሚያስፈራሽ?»

ልጇ ትኬቱን ቆርጦ የመጣ ቀን ነበር እንዲህ ያላት። ዛሬ መልሱን ይዛ መጣች። የማታ ትምህርት ገብታ ፊደል ከለየች ወዲህ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፤ ትኬት ቢሮው የሚያድለውን የማለዳ ክንፍ አየር መንገድ ታሪክም አንብባ ጨርሳለች።

ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ውጭ ልጇ ወደሚበርበት ከተማ የሚሄድ አውቶቡስ ቆሟል። ነጠላዋን ወንበር ላይ ጣል አድርጋ ለልጇ ቦታ ያዘችለትና ሮጣ አውሮፕላኑ ውስጥ ገባች። ልጇ ቀበቶውን አስሮ ተቀምጧል።

«እማዬ በናትሽ አታዋርጂኝ፤ ውረጂ!»

«አንተ ውረድና በአውቶቡስ ሂድ! ስማኝማ!» ወረቀቱን ዘርግታ፣ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበች። «ያለን አውሮፕላን አንድ ነው። ከእኛ በፊት ሦስት አየር መንገዶችን በታማኝነት አገልግሏል። ሦስቱም ተዘግተዋል።»

«አልወርድም!»

ወጣቱ አብራሪ ከፊት አንገቱን ብቅ አደረገ። ሥራ ከጀመረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው።

«እማማ፣ እስቲ ይድገሙት?»

ደገመችለት። አብራሪው ጣሪያውን አየ፤ ከዚያ በመስኮቱ አጮልቆ ክንፉን አየ።

«አውቶቡሱ ቦታ አለው?»

«ለልጄ የያዝኩት አንድ ወንበር አለ።»

ቆቡን አውልቆ በደረጃው ወረደ።

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፍቶ ተነሣ። ለልጇ በያዘችው ወንበር ላይ አብራሪው ነጠላዋን ታቅፎ ሄደ፤ ልጇ ቀበቶውን እንዳሰረ አውሮፕላኑ ውስጥ ቀረ።