ሜትር የያዘው ሰውዬ

አባዬ ከገና ጀምሮ አልጋ ላይ ነው። በሆሳዕና ለት ወንድሙ ጋሼ ሽብሩ አዝሎ ቤተክርስቲያን ወሰደው። «በሕማማት ለሞተ ፍትሐት የለም፤ ለሁላችንም የሚደረግልን ዛሬ ነው» አለኝ። ምን አስቸኮለው አልኩ በሆዴ። ቤታችን እኮ የአያቴ ውርስ ነው፤ ጋሼ ደግሞ ኪራይ ቤት ነው የሚኖረው።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከሱ አልነቀልኩም። ሐሙስ ለት አንድ ሰውዬ ይዞ መጣ። በበሩ ቀዳዳ ሳጮልቅ ሰውዬው ሜትር ዘርግቶ አባዬን ከትከሻው እስከ ተረከዙ ይለካዋል። ደሜ ፈላ። ሲወጡ ጠብቄ፣

«ጋሼ፣ ሳጥን ማዘዝህ ነው? አባዬ እኮ ገና ይተነፍሳል!» አልኩት።

«አንተ ነገረኛ፣ ዞር በል!» ብሎኝ ሄደ። ወንድሙንም ሳይስመው ነው የወጣው። በሕማማት መሳሳም የለም አሉ፤ ለሱ ተመቸው።

የፋሲካ ለት ጠዋት ፌስታል አንጠልጥሎ ገባ።

«ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!»

«በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» አለ አባዬ በደከመ ድምፅ። ጋሼ አገላብጦ ሳመው።

«መግነዝ ነው ያመጣህለት?» አልኩት በሩ ላይ ተገትሬ።

ፌስታሉን ፈታው። ግራጫ ኮትና ሱሪ ነው፤ የልብስ ሰፊው ነጭ ክር እንኳ ገና አልተነቀለም።

«እሱ የተነሳው እኛም እንድንነሳ ነው» አለው አባዬን። «ፋሲካ በጋቢ አይዋልም።»

አባዬ ኮቱን ዳበስ ዳበስ አደረገና ወደኔ ዞረ።

«ምን ያፈዝሃል? ና ደግፈኝ፤ ቆሜ ልለካው።»