ድምፁን አጥፊው

ኤዲተሯ ምስሉን ታቆመዋለች። ወደ ኋላ መልሳ እንደገና ታጫውተዋለች፤ እንደገና ታቆመዋለች። ከታዋቂው ተዋናይ ጎን፣ ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታ የቆመችው ሴት እናቷ ናት።

አይደለችም። ደግሞ ናት። ሹራቡን የገዛችላት ኤዲተሯ ራሷ ናት፤ የግራ እግሯን ወደ ውጭ ጣል እያደረገች መራመዷም የእናቷ ነው። ግን እናቷ ሐሙስ ሐሙስ የምትሄደው ጉልበቷን ልትታከም ነው። ሠላሳ አራት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት፣ አገር ምድሩ ከሚያብድለት ሰው ጋር ሕንፃ ጓሮ ምን ትሠራለች?

ቪዲዮውን የላከው የወሬ ገጻቸው አንድ ተከታታይ ነው፤ መኪና ውስጥ ሆኖ በስልኩ የቀረፀው። አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። ተዋናዩ የሴትየዋን ቦርሳ ይዞላታል። ጥቂት ተራምደው ይቆማሉ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማዋለች። ስለ ቤተሰቡ አንድም ቀን ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው። በሚቀጥለው ወር ሊያገባ ነው፤ ሙሽራይቱ ግን ይህቺ አይደለችም።

«ጭጭ!» ይላል አለቃዋ ከበሩ ላይ። የቢሮ ስሟ ነው፤ ከተቀጠረች ጀምሮ ሦስት ዓረፍተ ነገር አልተናገረችም ብለው ያወጡላት። «ሴትየዋን በቀይ ክበቢልኝ። ‹ምሥጢራዊቷ ሴት ማን ናት?› በዪበት። የሚሉት ነገር ካለ ድምፁን አጥሪው። ግማሽ ሰዓት አለሽ፤ ሌሎቹ ከቀደሙን አለቀልን።»

«እሺ።»

«ደግሞ ትልቅ ሴት ናት። በዕድሜ የምትበልጠው ውሽማ! ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ የእኛ ነው።»

እሱ ዞር ሲል ስልኳን ይዛ ወደ ደረጃው ትወጣለች።

«እማዬ፣ የት ነሽ?»

«ሐሙስ አይደል እንዴ? ከሕክምና ተመልሼ ጋደም ብያለሁ።»

«ከማን ጋር ነበርሽ?»

«ከጉልበቴ ጋር።»

«እማዬ፣ ቪዲዮ መጥቶልናል። አንቺና ተዋናዩ።»

ልጅቱ ቁጣ ትጠብቃለች፤ ቢያንስ «የቱ ተዋናይ?» የሚል ሽሽት።

«ድምፅ አለው?» ትላለች እናቷ።

«ምን?»

«የምንለው ይሰማል ወይ?»

«ገና አላጠራሁትም። እማዬ፣ ውሽማው ናት ሊሉሽ ነው እኮ!»

«በዚህ ጉልበቴ?» እናቷ ሳቋ ያመልጣታል። «ይበሉኛ፤ ጎረቤቶቼ በቅናት ይለቁ። እኔን እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ። ድምፁን ግን አጥፊው፣ የኔ ልጅ። አንቺም እንዳትሰሚው።»

ስልኩ ይዘጋል። ልጅቱ ደረጃው ላይ እንደቆመች ትቀራለች። ስሙ ሊጎድፍ የተቃረበ ሰው ስለ ስሙ አይደለም እንዴ የሚጨነቀው?

ተመልሳ የጆሮ ማዳመጫውን ትሰካለች። እንዳትሰሚው ተብላለች፤ ትሰማዋለች። ነፋሱን ትቀንሳለች፣ የመኪናውን ሞተር ትቀንሳለች፤ ከሥር የሰው ድምፅ ይወጣል።

«መ… ኪ… ና…» ይላል ያ ስንቱን ያስለቀሰ ድምፅ። «ማ… ማ…»

«አትቸኩል» ትላለች እናቷ። «ፊደሏ የትም አትሄድብህም።»

ተዋናዩ በሚያየው ግድግዳ ላይ በትልልቁ ተጽፏል፦ መኪና ማቆም ክልክል ነው።

መጀመሪያ አይገባትም። ቀልድ ይመስላታል፤ ቀጥሎ የአዲስ ፊልም ልምምድ ይመስላታል። «ቀረፃ ላይ ወረቀት ይዞ አያውቅም፤ አንዴ ከተነበበለት ይበቃዋል» እያሉ እነሱ ራሳቸው በገጻቸው ስንቴ እንዳደነቁት ትዝ ሲላት ይገባታል። ሰውየው ማንበብ አይችልም። እናቷ እያስተማረችው ነው።

«ማ… ቆ… ም!»

«ጎበዝ፣ የኔ ጌታ!»

ልጅቱም አንደኛ ክፍልን የተማረችው እናቷ ዘንድ ነበር። ለልጇ ታዳላለች እንዳይባል፣ ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ጎበዝ አልተባለችም።

«እህሳ፣ ምን ይላሉ?» አለቃዋ ከኋላዋ ቆሟል።

የዓመቱ ትልቁ ወሬ ጆሮዋ ውስጥ ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትናገር፣ እናቷን ማንም ውሽማ አይላትም።

«ነፋስ ነው» ትላለች። «ምንም አይሰማም።»

ድምፁን አጥፍታ ሙዚቃ ትጭንበታለች። ግድግዳውን ከምስሉ ትቆርጠዋለች። የተዋናዩ አፍ ግን አሁንም መ፣ ኪ፣ ና ይላል፤ አስተውሎ ላየው ያስታውቃል። ርእሱን ከታች አንሥታ አፉ ላይ ትለጥፈዋለች።

«ጽሑፉ ምነው ላይ ወጣ?»

«ከታች ከሆነ ስልክ ላይ ይቆረጣል።»

«ይሁን፣ ልቀቂው። አስተያየት ሲመጣ ቶሎ ቶሎ መልሺ፤ ካልተሟሟቀ ይሞታል።»

ትለቀዋለች። «ኧረ ጉድ!» ይላል የመጀመሪያው። «ሙሽሪት አይታዋለች?» ይላል ሁለተኛው። ሦስተኛዋ ግን እንዲህ ብላለች፦ «እናቱ መሆን አለባት። እንዴት አድርጋ እንደምትሰማው አያችሁ?»

ልጅቱ በገጹ ስም «አይደለችም» ብላ ትጽፋለች። ታጠፋዋለች። የኔ እናት ናት የሚለው ጣቷ ጫፍ ላይ ነው። ሌላ ትጽፋለች፤ ሳታነበው ትልከዋለች።

«ሳትሆን አትቀርም።»

«እናቱ ናት!» ይላል ቀጣዩ። «አልኳችሁ እኮ፣ እናቱ ናት» ይላል ሌላው። ውሽማ የሚለውን ቃል የሚያነሣ የለም። ሊቀልላት ሲገባ ለምን እንደከበዳት አይገባትም።

«ታድላ! ሌላ ልጅስ የላትም?» ትላለች አንዷ።

ልጅቱ እጆቿን ከቁልፎቹ ላይ አንሥታ ጭኖቿ ላይ ታስቀምጣቸዋለች።