ሦስት ጊዜ ተጠርታ ያልመጣችው ሴት

"ዶሮቲያ ኩቸራ!"

ዝም...

"ዶሮቲያ ኩቸራ! አለች?"

አሁንም ዝም...

የኮሚቴው ሰብሳቢ ዶይል ብራንሰን መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አዳራሹን ቃኘ።

ቦታው ቶፒካ ነው፣ የካንሳስ ምክር ቤት። የዕለቱ ጉዳይ ደግሞ "የአስተናጋጆች መነሻ ደመወዝ ይጨመር" የሚል ረቂቅ ህግ።

መነሻው በሰዓት ሁለት ዶላር ከአስራ ሦስት ሳንቲም ነው... የቀረውን ደንበኛ በሚተውላችሁ ቲፕ ሙሉት ተብለዋል።

ጭማሪውን ለመቃወም ዘጠኝ የምግብ ቤት ባለቤቶች ከነጠበቃቸው መጥተዋል። ለመደገፍ የተመዘገበችው ግን ይህቺው አንዲት ሴት ናት። የተሰጣት ሁለት ደቂቃ... እሷም የለችም።

ዶይል ለሦስተኛ ጊዜ ጠራትና ሳቀ።

"እንግዲህ ምሳዋን ጥግብ ብላ በልታ እንቅልፍ ጥሏት ይሆናል!"

አዳራሹ አውካካ።

"የምር ቢያማቸው ኖሮ ይመጡ ነበር" አለና ድምፅ አሰጠ። ህጉ ወደቀ።

በዚያው ከሰዓት ለባለቤቶቹ የግብር ቅናሽ አሳለፉ። እሱ አስር ደቂቃ እንኳን አልፈጀም...

በማግስቱ ጠዋት ዶይል እንደ ልማዱ ከምክር ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ምግብ ቤት ገባ።

ምክር ቤቱ በሚሰበሰብባቸው ወራት ቁርሱም ምሳውም እዚያው ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የምታስተናግደውም አንድ ሴት ናት... ዶቲ። ደረቷ ላይ የተለጠፈው ስም እንደዚያ ነው የሚለው።

"ዶቲዬ፣ የትናንቱ ቺሊ ወጥ ከቀረፋ ዳቦው ጋር እጅ ያስቆረጥማል! ኮሚቴው በሙሉ አንቺን ሲያመሰግን ነው የዋለው።"

"ደስ ካላችሁ ጥሩ ነው፣ ክቡር ሰብሳቢ።"

"ምነው ፊትሽ ጠቆረ?"

"ህጉ ምን ሆነ?"

"የቱ?... እ፣ የአስተናጋጆቹ? ወደቀ። ምን ላድርግ፣ የሚናገርላችሁ ሰው ጠፋ! አንዲት ኩቸራ የምትባል ተመዝግባ ነበር፣ እሷም የውሃ ሽታ ሆና ቀረች።"

ዶቲ የቡናውን ማንቆርቆሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"እኔ ነኝ።"

"ምኑ?"

"ዶሮቲያ ኩቸራ። እኔ ነኝ።"

ዶይል ሹካውን አስቀመጠ።

"ታዲያ... ለምን አልመጣሽም?"

"እረፍት ወስጄ ነበር። ከትናንት ወዲያ እርስዎ ለባለቤቱ ደውለው 'ነገ አስራ አራት ሆነን ለምሳ እንመጣለን፣ ያለ ዶቲ ግን አይሆንም' አሉት። እረፍቴ ተሰረዘ። ስሜን ሲጠሩት እናንተ የበላችሁበትን ሳህን እያነሳሁ ነበር። እኔ ገና ምሳ አልበላሁም።"

ዶይል ያቺ ቀልዱ ትዝ አለችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው።

"እሺ... አሁን ለእኔ ንገሪኝ። ልስማሽ።"

"ምን እነግርዎታለሁ? በበረዶው ሳምንት ሰው አልገባም፣ ቲፕ የለም። መክፈል ስላቃተኝ የቤቱ ማሞቂያ ተቆረጠብን። ልጆቼን ካፖርት አልብሼ ነው ያስተኛኋቸው። ይሄንን ነበር የምናገረው። እዚያ ብናገረው ምስክርነት ነው... እዚህ ብናገረው ልመና ነው።"

ህጉ ዘንድሮ ተመልሶ አይነሳም። ይሄን ከዶይል በላይ የሚያውቅ የለም፣ መዝገቡን በገዛ እጁ ፈርሞ የዘጋው እሱ ነው።

መቶ ዶላር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ዶቲ ብሩን አየችው... ወሰደችው።

"አመሰግናለሁ" አለችው፣ ከልቧ። ዛሬም በረዶ ይጥላል ተብሏል።

ብትመልስለት ይቀለው ነበር...

ወዳጆቼ፣ "የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም" የተባለው እውነት ነው። ዶይል ክፉ ሰው አይደለም፣ ዶቲን ይወዳታል። የወደዳት ግን ሳህን ይዛ ስትመጣለት ነው። የቀረ ሰው ሁሉ ግድ የሌለው እንዳይመስለን፣ አንዳንዱ የሚቀረው እኛን ሲያገለግል ነው። ይሄን ስጽፍ እኔም ራሴን ታዝቤዋለሁ፣ ስንቱ ላይ እንደፈረድኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

እናንተስ? "ቢፈልግ ይመጣ ነበር" ብላችሁ የፈረዳችሁበት፣ በኋላ ግን ያስቀራችሁት እናንተው ሆናችሁ የተገኛችሁበት ሰው አለ? ሳታፍሩ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ...