ለነጯ መኪና ዋስ

አምሐና ኤልያብ ኮልፌ ባለ አንድ የቆርቆሮ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። አምሐ ንብረት ክፍል ነው፣ ኤልያብ ጥገና። ምሳ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። አንዱ ታክሲ አጥቶ ሲዘገይ ሌላው የሰዓት ፊርማ ላይ ለሁለቱም ይፈርማል፤ አምሐማ የኤልያብን ፊርማ ከነጥቅልል ጅራቷ ከባለቤቱ አሳምሮ ይጽፋታል እየተባለ ይሳቅ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ጓደኛ ሲባል ስማቸው ነው የሚጠራው።

በመስከረም ማስታወቂያ ተለጠፈ። የኤሌክትሪክ መኪና ለሚፈልግ ሠራተኛ ድርጅቱ ይከራይለታል፤ ኪራዩ እጁ ሳይገባ ከደሞዙ ላይ ይቆረጣል፤ አምስት ዓመት ሲሞላ መኪናዋ የራሱ ትሆናለች። ምርጫው ሁለት ነው፦ ትንሿ ነጭና ከፍ ያለችው አረንጓዴ። የመጡት ስድስት ብቻ ሲሆኑ ፈላጊው ዘጠኝ ነው።

ለአምሐ መኪና ቅንጦት አልነበረችም። እናቱ ወይዘሮ ዘመነች ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ በሳምንት ሁለቴ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ይመላለሳሉ። ሚኒባስ ላይ ደግፎ ሲያወጣቸው ረዳቱ «እማማ፣ ቶሎ ይበሉ እንጂ!» ባለ ቁጥር አንጀቱ ያርር ነበር።

ቅዳሜ ሁለቱ ጓደኛሞች መኪኖቹን ሊያዩ ሄዱ። ኤልያብ ከጥገና ክፍል ሜትር ይዞ መጥቷል። የነጯን የኋላ ወንበር ከመሬት ለካ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ለካ።

«እማማ ዘመነች እግራቸውን ሳያነሱ ይገቡባታል። ለአንተ ነጯ ናት» አለ። «እኔ ግን አረንጓዴዋን። አንዴ ቻርጅ ከተደረገች አራት መቶ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች።»

«አራት መቶ ምን ያደርግልሃል? ከሳንሱሲ ኮልፌ ለመምጣት?»

«ጎጃም እናቴ ጋ ልሄድባት ነዋ! የአባቴ ቀብር በአውቶቡስ ብልሽት አመለጠኝ፤ ለቅሶውን ብቻ ሁለት ሳምንት ተቀምጬ መጣሁ። የእናቴም እንዲያ እንዲሆንብኝ አልፈልግም።»

«እኔም አልደረስኩልህም» አለ አምሐ። «እማዬ ያን ሰሞን ኦፕራሲዮን ልትሆን ነበርና፣ የሠራተኛው ማኅበር በአንድ ቀን ባያበድረኝ ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር።»

አንድ ግዴታ ቀርቶ ነበር። አመልካች ሁሉ አንድ ባልደረባ ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም በሌላ ዋስትና ያልተያዘ መሆን አለበት። «እኔ ለአንተ፣ አንተ ለእኔ» ተባብለው ተጨባበጡ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ማመልከቻው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ኤልያብ ፊቱ ጠቁሮ ንብረት ክፍል ገባ።

«ሌሊሴ ዋስ መሆን አትችልም አለችኝ።» ሌሊሴ የሰው ኃይል ሠራተኛ ናት። «ኮምፒውተሩ ተይዟል ይላል። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ለማንም ዋስ ሆኜ አላውቅም!»

«ለማን ነው የተያዝከው?»

«ወረቀቱ መዝገብ ቤት ነው፤ እስከ ሰኞ አይገኝም አለች። አምሐ፣ በእናቴ ይዤሃለሁ፣ እኔም ግራ ገብቶኛል።»

አምሐ በሐሳቡ ማስላት ያዘ። ስድስት መኪና፣ ዘጠኝ ሰው። አንድ ሰው ሲወድቅ የማን ዕድል ይሰፋል? ያ ሁሉ መለካት፣ ያ ሁሉ «እማማ ዘመነች» ማለት ማታለያ ኖሯል! ለሰው ሞት አነሰው! በአንድ ጀምበር ሌላ ዋስ ከየት ይምጣ? ፈቃደኛው ሁሉ በዋስትና ተይዞ አልቋል። ነጯ መኪና ቀረች።

ማታ ለእናቱ ነገራቸው።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኸው ነው፣ እማዬ።»

«ኤልያብ?» አሉ ወይዘሮ ዘመነች። «የገዛ አባቱ ለቅሶ ላይ ተቀምጦ እየደወለ የእኔን ጤና ሲጠይቅ የነበረ ልጅ? ተው ልጄ፣ አትቸኩል።»

አምሐ ግን ቸኮለ። ሐሙስ በጠዋት፣ ራሱ ለሌላ አመልካች ተይዞ ለእሱ ግን ዋስ ላጣው፣ ትራንስፖርት ክፍል ላለው ለዩሱፍ ዋስ ሆኖ ፈረመ። በምሳ ሰዓት ኤልያብ ፎርሙን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ አምሐ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ተናገረው።

«ለውሸታም ዋስ አልሆንም! እናቴን በታክሲ አስቀርተህ አንተ በመኪና ልትንፈላሰስ? ለዩሱፍ ፈርሜያለሁ፤ ሂድና ሌላ ሞኝ ፈልግ።»

ኤልያብ ፎርሙን በአራት አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«እናቴን እመጣለሁ ብያት ነበር» አለና ምሳውን ሳይበላ ወጣ።

አምሐ በዚህ አላበቃም። ወረቀቱ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ውሸታሙ ይታወቅ ብሎ በጽሑፍ ጠየቀ። ሰኞ ሌሊሴ ሁለቱንም ጠራቻቸው። አቧራማውን ፋይል ገልጣ አተኩራ አየችው።

«የማኅበሩ ብድር ዋስትና ነው» አለች። «ብድሩ ከተከፈለ ቆይቷል። ተበዳሪው መልቀቂያ ስላልወሰደ ነው ዋሱ እስከ ዛሬ ተይዞ የቀረው። ፊርማው የአንተ ነው፣ ኤልያብ፤ ጅራቷም አለች።»

«ቀኑስ?» አለ ኤልያብ።

«ከሦስት ዓመት በፊት። ግንቦት አሥራ ሁለት።»

«ግንቦት አሥራ ሁለትማ ጎጃም ለቅሶ ላይ ነበርኩ!»

«ምክንያት አያልቅብህም!» አለ አምሐ። «ሌሊሴ፣ የተበዳሪውን ስም ጮክ ብለሽ አንብቢልን፤ ማን እንደሆነ ይታወቅ።»

ሌሊሴ አላነበበችም፤ ፋይሉን ወደ አምሐ አዞረችና ጣቷን በራሱ ስም ላይ አደረገች።