የአባቶች ተራ

«በቀለ!» ብለው ጋሽ ከይረዲን ተጣሩ። ማንም አልመለሰም።

«በቀለ ጀ!» ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ጥላ ፍለጋ በተሳቢዎቹ ሥር የተኮለኮሉት ሹፌሮች እርስ በርስ ተያዩ። የጅቡቲዋ የጭነት መኪኖች መቆሚያ፣ የፔካ 12 ፀሐይ ገና በጧቱ አናት መብሳት ጀምራለች፤ ሰው ሰውን የሚታገስበት ሰዓት እያለፈ ነው።

የውብዳር ከማተሚያው አጠገብ ቆማ ላብ ያራሰውን እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ዝርዝሩ የእሷ ሥራ ነው። ጋሽ ከይረዲን ድሬዳዋ ተወልደው እዚህ ያረጁ የጭነት ሰው ናቸው፤ እስካሁን የመኪኖቹን የመጫኛ ተራ የሚይዙት በደብተር ነበር። ደብተሩ ይሰረዛል፣ ይደለዛል፣ ከዚያ ሹፌሮቹ ይጣላሉ። ባለፈው ሳምንት «እስቲ አንዲት ዓርብ በኮምፒውተርሽ እንየው። ያለ ጠብ ካለቀ ከእሑድ ጀምሮ ሥራው ያንቺ ነው፤ ከሰው ቤትም ትወጫለሽ» ብለዋት ነበር። ያለቻትም የዕረፍት ቀን ዓርብ ብቻ ናት። ሌላውን ቀን ሁሉ ማዳም ኻሊዳ ቤት ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ እዚያው ታድራለች።

ትምህርቱንም ያገኘችው እዚያው ቤት ነው። የማዳም ልጅ ውዳድ ጀምራ የሰለቿትን ሦስት የፈረንሳይኛ መማሪያዎች፣ አንዱን ስለ ድረ ገጽ፣ አንዱን ስለ ዳታቤዝ፣ ሦስተኛውን ስለ ሪፖርት አሠራር፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ ጋር «ከፈለግሽ ውሰጂያቸው» ብላ ሰጠቻት። ውዳድ ለቀልድ ሳይሆን አይቀርም፤ የውብዳር ግን የምሯን ወሰደች። ስምንት ወር ሙሉ፣ ከምሳ በኋላ ቤቱ በሙቀት ተሸንፎ ሲተኛ፣ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ያልገባትን ቃል ሁሉ በመጽሐፉ ዳር በአማርኛ እየጻፈች ተማረች። ዳታቤዙ ላይ አልቅሳለች። የመጀመሪያዋ ገጽ የተከፈተች ቀን ደግሞ የተኛ ሰው ባይኖር ኖሮ እልል ትል ነበር።

«ቶሎሳ ጫ!» አሉ ጋሽ ከይረዲን፣ በቀለን ትተው።

ይሄን ጊዜ ጀንበሬ የሚባል፣ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ሹፌር ከጥላው ወጣ። «ጋሽ ከይረዲን፣ በቀለ አባቴ ነው። ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ፤ ጅቡቲንም በዓይኑ አላያትም። ኮንቴይነር እንዲጭን ነው የሚጠሩት?»

«ቶሎሳም የኔ አባት ነው፤ መንጃ ፈቃድ የለውም!» አለ ጫላ ከወዲያ። ሳቁ ከተሳቢ ተሳቢ ተቀባበለ። ሳቅ ግን እዚህ ረጅም ዕድሜ የለውም። «ታዲያ ተራው የማን ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ፤ ሌላው ገፋ፣ ሌላው ተገፋ።

የውብዳር ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሦስተኛው መጽሐፍ «በሪፖርት ላይ የቤተሰብ ስም በሙሉ ይጻፍ፤ ለራስ ስም አንድ ፊደል ይበቃል» ይላል፤ እሷም አንዲት ሳታጎድል እንዳለው አደረገች። የቤተሰብ ስም የሌለን እኛ፣ በቦታው አባታችንን እናስገባለን። ሙከራዋን ሁሉ የሠራችው መጽሐፉ ባመጣቸው የፈረንጅ ስሞች ነበር፤ ፈረንጆቹ ደግሞ አንድም ቅሬታ አላቀረቡም።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ ጋሽ ከይረዲን፣ ደብተራቸውን ከመሳቢያው እያወጡ።

ደብተሩ ከተከፈተ ነገሯ አበቃ። «አምስት ደቂቃ ብቻ ጋሼ፤ ካለፈ ይክፈቱት» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ላፕቶፑ ላይ አቀረቀረች።

ቦታውን ታውቀዋለች። ስምን ወደ አንድ ፊደል የሚያሳጥረውን ትእዛዝ አጠፋች። የሰውየውን ስም ከፊት፣ የአባቱን ከኋላ አደረገች። ማተሚያው አቃስቶ አቃስቶ ወረቀቱን ተፋ።

«ጀንበሬ በቀለ!»

«አቤት!»

«ጫላ ቶሎሳ!»

«አለሁ!»

ሃያ ሁለቱም ተጠሩ፣ ሃያ ሁለቱም መለሱ። ሞተሮች እየተነሱ አቧራው ቢሮው ድረስ ገባ፤ የተጣላ ሰው የለም። የውብዳር ደስ አላት፤ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

ጀንበሬ ከመውጣቱ በፊት ጎንበስ ብሎ የተጣለውን የመጀመሪያ ወረቀት ከወለሉ አነሳ። «ይቺን ልውሰዳት?»

«የተበላሸ እኮ ነው፣ ጋሽ ጀንበሬ።»

«አውቃለሁ። ግን የአባቴን ስም ለብቻው፣ በሰው ፊት ሲጠራ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ!» ወረቀቱን አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። «አቤት ብሎ ብቅ የሚል መስሎኝ ነበር።»

ጋሽ ከይረዲን አዲሱን ዝርዝር በመነጽራቸው ሥር እስከ ታች አነበቡት። ደብተሩን ወደ መሳቢያው መለሱና ዘጉበት። «እሑድ በጧት ነይ» አሉ። ቀጥለውም በጣታቸው የወረቀቱን ግርጌ ነካ ነካ አደረጉ። «ይቺን ግን ሳታስተካክያት ረስተሻል።»

የውብዳር ጎንበስ ብላ አየች። «ያዘጋጀው፦ አለምሰገድ የ.» ይላል።

አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ስታቋርጥ መጻሕፍቷን በማዳበሪያ ጠቅልሎ አልጋው ሥር ያስቀመጠው አባቷ አለምሰገድ ነው። ዛሬም እዚያው ናቸው። ጎረቤት «ለሱቅ መጠቅለያ ሽጣቸው» ሲለው «ተመልሳ ትማርባቸዋለች» ነው መልሱ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ።

እጇን ወደ ላፕቶፑ ሰደደች፤ ሳትነካው መለሰችው።

«እሷ ትቆይልኝ፣ ጋሼ» አለች። ስልኳን አውጥታ ለአባቷ ልትልክለት ወረቀቱን ፎቶ አነሳችው።